የእንግሊዝ አገሩ ቂርቆስ

ተናኘወርቅ እንግሊዝ አገርን በሞተር ብስክሌት ዞራ መምጣቷን ሰው እንዲያምናት ሁለት ዓመት ለፋች። ከዚያ ደግሞ ማንም እንዳያምናት አራት ዓመት ለፋች። የትኛው እንደከበዳት ሲጠይቋት፣ ካረጀች በኋላ እንኳ፣ ቶሎ አትመልስም ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ ገልበጥ አድርጋ ታያቸውና «ሁለቱም ያው ነው። የሚደክመው ያው አንድ ምላስ ነው» ትላለች።

ጉዞው የሆነው በ1926 ዓ.ም. ነው። ባሏ ያደታ በአዲስ አበባ ለሚኖር አንድ እንግሊዛዊ የቆዳ ነጋዴ ሾፌርም መካኒክም ነበር። ነጋዴው ሦስት ሞተር ብስክሌቶች ከአገሩ አስመጣ። ሲበላሹ የሚነካቸው ሰው አጣና ያደታን ለስድስት ወር ትምህርት ወደ ተሠሩበት ከተማ ወደ በርሚንግሃም ሊልከው ወሰነ። ያደታና ተናኘወርቅ ከተጋቡ ገና አራተኛ ወራቸው ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቂርቆስ ሰፈር ርቃ አታውቅም። «ትተኸኝ ከምትሄድ ባሕር ውስጥ ጣለኝ» ብላ አለቀሰች። ነጋዴው ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነበር። ሲነገረው ሳቀና «እንግዲያው ባሕሩን ይዘሃት ተሻገር» አለ።

ስድስት ወር ሙሉ ያደታ በፋብሪካ ጥቀርሻ ውስጥ ሲማር፣ እሷ በአንዲት ጠባብ ክፍል መስኮት ዝናብ ስታይ ከረመች። ትምህርቱ ሲያልቅ የነጋዴው ወንድም «አገራችንን ሳታዩማ አትመለሱም» ብሎ አንድ ሞተር ብስክሌት ለሃያ ቀን አዋሳቸው። ሞተሯ በጎኗ አንድ ጎማ ያላት መቀመጫ የተገጠመላት ነች፤ መቀመጫዋ ትንሽ ታንኳ ትመስላለች። ተናኘወርቅ በነጠላዋ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባ፣ ስንቃቸውን ታቅፋ እዚያ ውስጥ ገባች። ያደታ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ አሳያት።

«እዚህ ጋ ምድሪቱ ታልቃለች። ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው። በአምስት ቀን እንደርሳለን። ሳምንት ባሕሩ ዳር ተቀምጠን፣ ተዝናንተን እንመለሳለን።»

አልደረሱም። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንግሊዝ አገር በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ተናኘወርቅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትሳለም ማለፍ አታውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ገና ከከተማው እንደወጡ «አቁም!» ብላ ጮኸች። ያደታ ጎማ የወለቀ መስሎት ፍሬን ያዘ። እሷ ወረደች፣ ካፖርቷን አውልቃ መቀመጫው ላይ ጣለች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የድንጋይ አጥሩን ሦስት ጊዜ ስማ ተመለሰች። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሄዱ ሌላ የደወል ቤት ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለ።

«አቁም!»

«አንቺ ሴት፣ እዚያው እንደተቀመጥሽ አትሳለሚም?»

«አንተ ቂርቆስን በበቅሎ ላይ ሆነህ ነው የምትሳለመው?»

«የማን ታቦት እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ?»

«እኔ ባላውቀው እሱ ያውቀኛል» አለችና ወረደች።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወረደች። በማግስቱ አሥራ አራት ጊዜ። እንደዚያ ያለ አገር! ኮረብታው ሁሉ ትናንት የታጨደ ይመስል አረንጓዴ፤ ከእያንዳንዱ ኮረብታ ጀርባ ደግሞ አንድ የድንጋይ ደወል ቤት፣ ደመናው ውስጥ አንገቱን አስግጎ መንገደኛ የሚጠብቅ። ያደታ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በኋላ ዝም አለ። እሷ ስትወርድ እሱ ሞተሩን ያጠፋል፣ ስትመለስ ይረግጠዋል። የግራ ጉልበቱ በዚያ ጉዞ ታምሞ ቀረ። ዝናቡም አላቋረጠም።

በአንድ መንደር ተናኘወርቅ ጫማዋን ደጁ ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ስትገባ ያየች የቄሱ ሚስት፣ ጫማዋ የረጠበባት መስሏት ከቤቷ የሱፍ ካልሲ ይዛላት ሮጠች። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበርና በየማረፊያው ከደረቅ ዳቦና ከተቀቀለ ድንች በቀር አይቀምሱም። አንዲት የማረፊያ ባለቤት ያቀረበችውን ሁሉ ሲመልሱባት ምግቧ ያስጠላቸው መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያደታ በተማራት ጥቂት ቋንቋ «እግዚአብሔር ነው የከለከለን» ሊላት ሞከረ፤ እሷ የባሰውን አለቀሰች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ዝቅ ያለች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሙ። ተናኘወርቅ አጥሩን ስትስም ያደታ ሥራ ፈትቶ የበሩን ሰሌዳ ያነባል። አንድ ጊዜ አነበበው። ተጠጋና እንደገና አነበበው። ሣር የሚያጭድ አንድ ሽማግሌ ነበርና ሄዶ ጠየቀው። ሽማግሌው ማጭዱን ተደግፎ፣ ሰሌዳው ላይ ስሙ የተጻፈው ቅዱስ የሦስት ዓመት ልጅ እንደሆነ፣ ከእናቱ ጋር በመኮንን ፊት ቆሞ በሰማዕትነት እንደሞተ፣ ቤተ ክርስቲያኗም የሁለቱ እንደሆነች በእርጋታ ነገረው።

«ተናኜ!» ብሎ ጮኸ ያደታ። «ቂርቆስ ነው! ቂርቆስና ኢየሉጣ ናቸው!»

ውስጥ ገቡ። በመስኮቱ ባለ ቀለም መስተዋት ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ አንድ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን በጡጫው ጨብጦ ይዟል። ተናኘወርቅ ተንበርክካ አለቀሰች። ከሰፈሯ ስንት ባሕርና ስንት በረሃ ተሻግራ መጥታ፣ የሰፈሯ ልጅ ቀድሟት ደርሶ ይጠብቃታል። ይህን ማን ያስባል?

ሁለት ቀን ይበቃል ሲላት ሦስት ቀን ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ያደታ ካርታውን ዘረጋ።

«አሁን እንኳ ከቸኮልን ባሕሩ ጋ እንደርሳለን።»

«ከዚህ ወዲያ ባሕር ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ሞተሩን ወደ መጡበት አዞሩት።

በጥቅምት 1927 አዲስ አበባ ገቡ። በወሩ በአሥራ አምስተኛው ቀን የቂርቆስ ማኅበር ነበርና ተናኘወርቅ አምባሻዋን ይዛ፣ የምትናገረውን በልቧ እየደረደረች ሄደች። ማኅበርተኞቹ ሴቶች ከበቧት። ጥቂት ደቂቃ በጸጥታ ሰሟት።

«መንገዱ ጥቁር ነው፤ ለስላሳ፤ አንድ ድንጋይ የለበትም» አለች።

«ድንጋዩንስ የት አደረሱት?» አለች ገበያነሽ፤ ጠላ ሻጭ ነች፣ ምላሷ የተሳለ።

«በነሐሴ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አትጠልቅም።»

እማማ ጦቢያ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ጽዋውን ከከንፈራቸው አወረዱ። «ማን ይዞ አስቀራት ልጄ? አንቺ ነሽ?»

ሳቁ። ተናኘወርቅም አብራ ሳቀች፤ የመጨረሻውን ነገር ስትነግራቸው እንደሚያምኗት እርግጠኛ ነበረች። የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የገበያነሽ ጎረቤት ወለተማርያም ሳቅ አፍኗት ግድግዳ ተደገፈች።

«ቂርቆስ እንግሊዝ አገር ምን ሊሠራ ሄደ?» አሉ እማማ ጦቢያ። «በሞተር ይዘሽው ሄድሽ እንዴ? እኛስ ደጁን ስንሳለም ባዶ ቤት ኖሯል የምንሳለመው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እመት እንግሊዝ» ሆነ። ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወጣ፣ «እመት እንግሊዝ፣ ሞተሩን የት አሰርሽው?» ይሏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአጋጣሚው አስረዳች፣ ማለች፣ ባሏን ምስክር ጠራች። ያደታ ዝምተኛ ነውና «እውነት ነው» ብሎ ይሄዳል። እንደዚያ ያለ አጭር ምስክርነት ማንንም አያሳምንም።

ያመነቻት አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ ሸዋዬ። ሸዋዬ አርባውን ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከቂርቆስ አጥር ሥር የምትኖር ጥጥ ፈታይ ነበረች። በዚያ በሳቁ ቀን እሷ ብቻ አልሳቀችም። ሲወጡ ተናኘወርቅን ክንዷን ያዘቻት።

«ውሸታም ቢሆን ባሕሩ ጋ ደረስኩ ይል ነበር» አለቻት። «ያን ሁሉ ሄዶ፣ ያሰብኩበት አልደረስኩም ብሎ የሚመጣ ውሸታም አላየሁም። በይ አሁን ልጁን ንገሪኝ። ቀሚሷን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?»

«በቀኙ።»

«በቀኙ» አለች ሸዋዬ፣ የሚጣፍጥ ነገር እንደቀመሰ ሰው።

ጣልያን ሲመጣ የሸዋዬ አንድ ልጅ ፍቅሬ ከዘማቾች ጋር ሄደ። አንድ ተመላሽ፣ ከስደተኞች ጋር ወደ ኬንያ ሲሻገር አይቼዋለሁ አላት። ሌላ ወሬ አልመጣም። ያደታን ያሠራው የነበረው እንግሊዛዊም ሱቁን ዘግቶ አገሩ ገባ። የካቲት 1929 ላይ ውጭ አገር የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ እየታደነ ሲገደል፣ ያደታ የበርሚንግሃሙን ምስክር ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን በኋላ መፍቻ አልነካም። ለጣልያን ሹማምንት አዲስ ቤቶች በሚሠሩበት፣ ሰው ካዛንቺስ ማለት በጀመረው ሰፈር ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ። ሞተር ብስክሌቶች በአጠገቡ ሲያልፉ አንዳንዱ ያስላል፣ አንዳንዱ ያንቋርራል፤ ምን እንደጎደለው በድምፁ ብቻ ያውቃል። ድንጋዩን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዛውርና ያልፋል። ተናኘወርቅ በእነዚያው ቤቶች ልብስ ታጥብ ነበር። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ለመናገር አቅም አይኖራቸውም።

በማኅበሩ ደግሞ ሥራዋ ተገላበጠ። አንዷ «እመት እንግሊዝ» ስትላት «ልጅነት ነበር፤ ቀልዴን ነው» ትላለች። ሲስቁባት ቀድማ ትስቃለች። ቀድሞ ያንገበግባት የነበረውን ሳቅ አሁን እንደ ምጽዋት ትለምነው ጀመር፤ ያ ሳቅ ባሏን ከሰው ዓይን የሚጋርድ ነበር። ሸዋዬን ግን መዋሸት አልቻለችም። ሸዋዬ ቀስ ብላ ስለዚያ መስኮት ስትጠይቃት፣ ግራ ቀኝ አይታ «አዎ፣ በቀኙ» ብላ በሹክሹክታ ትመልስላታለች።

ሰኔ 1932 ላይ ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። በነሐሴ መጀመሪያ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣልያን ፖሊሶች ያደታን ድንጋይ እንደተሸከመ ከሥራ ቦታው ወሰዱት።

ተናኘወርቅ ሦስት ቀን ስንቅ ይዛ ካዛንቺስ ጣቢያው በር ላይ በጭቃ ቆመች። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አስተርጓሚው ወጣ። አጽብሃ ይባላል። ፊቱ የገረጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ስሚኝ፣ እኅቴ» አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «ባልሽ ያን ዓመት ጅቡቲ ነበርኩ፣ ወደብ ላይ እሸከም ነበር ብሏል። ሹሙ ግን ሚስቱ እንግሊዝን በሞተር ዞርኩ ትል ነበር የሚል ወሬ ደርሶታል። ሰኞ ከማኅበርሽ አራት ሴቶች ተጠርተዋል፤ በመስቀል ይምላሉ። አራቱም ውሸቷን ነው ካሉ፣ የሴት ወሬ ብሎ ይተወዋል። አንዷ እውነት ነው ካለች፣ ለእንግሊዝ ሰላይ ነው ተብሎ በረሃ ወዳለው እስር ቤት ይጫናል። ከዚያ የተመለሰ አላየሁም።»

«እነማን ናቸው አራቱ?»

ስማቸውን ነገራት። እማማ ጦቢያ። ገበያነሽ። ወለተማርያም። ሸዋዬ።

ሦስቱ አላሳሰቧትም። በመስቀል ቢምሉ እንኳ ሐሰት አይሆንባቸውም፤ ከልባቸው ውሸታም ናት ብለው ያምናሉ። ሸዋዬ ግን! ሸዋዬ ወጣት ሳለች በአንድ የድንበር ጠብ በሐሰት ምላ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጇ፣ ሴት ልጅ፣ ሞተችባት። ከዚያ ወዲህ በሐሰት መማል ይቅርና ሰው ሲምል አጠገቡ አትቆምም። አሁን የቀራት ፍቅሬ ብቻ ነው። ያደታን አድኝልኝ ብሎ እሷን መለመን፣ የልጅሽን ነፍስ አስይዢልኝ ማለት ነው። ዝም ቢሏት ደግሞ የምታውቀውን ትናገራለች። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ሸዋዬ ከሰኞ በፊት እምነቷን መተው አለባት፤ በእውነት መተው።

ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ጭቃው ጫማዋን ሁለቴ ጎትቶ አስቀረባት።

ሸዋዬ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ሽምብራ ትቆረጥም ነበር።

«ያደታን አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም። እትዬ ሸዋዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት።» ቆማ ነው የተናገረችው። «እንግሊዝ አገር አልሄድንም።»

ሸዋዬ መቆርጠሟን ተወች።

«አሥሩን ወር ጅቡቲ ነበርን። እሱ ወደብ ላይ ይሸከም ነበር፤ እኔ የፈረንሳዮች ልብስ አጥብ ነበር። ስንመለስ አፈርኩ። ሰው ሁሉ ውጭ አገር ሄዱ ብሎ ሲጠብቀን፣ ሻንጣ ተሸክመን ኖርን ማለት አፈርኩ።»

ሸዋዬ ቀና ብላ አየቻት። «ሰኞ ስለተጠራሁ ነው እንዲህ የምትዪኝ።»

«አይደለም።»

«ልትለምኝኝ ከመጣሽ ለምኚኝ። እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ግን ለምኚኝና አብረን እናልቅስ።»

ተናኘወርቅ የበሩን መቃን ያዘች። ለመለመን አፏ ሊከፈት አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው።

«ብለምንሽ ይቀለኝ ነበር» አለች። «ግን መስቀሉን ይዘሽ፣ እኔ በዋሸሁት ውሸት ምለሽ፣ ሌላ መዓት ቢመጣብሽስ? ለዚያ ነው የነገርኩሽ።»

«ባሕሩ ጋ አልደረስንም ያልሽውስ?»

«ጅቡቲ አሥር ወር ሙሉ ባሕር ሳይ ነው የኖርኩት። ስለ ባሕር ማውራት አስጠልቶኝ ነው።»

ውሸቱ እንዴት እንደዚያ ቀና ብሎ እንደወጣ ራሷን አስደነገጣት። ሸዋዬ የሽምብራውን ቁና ቀስ ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ድምጿ አነሰ።

«ቂርቆስስ?»

ከአጥሩ ወዲያ የቂርቆስ ደጅ ዛፎች ዝናብ ያንጠባጥቡ ነበር።

«እሱንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ማኅበሩ የሱ ስለሆነ፣ እሱን ከጠራሁ የምታምኑኝ መስሎኝ።»

«መስኮቱ ላይ ያለው ልጅስ? የእናቱን ቀሚስ የያዘው?»

«እዚሁ ደጃችን ካለው ሥዕል ነው የወሰድኩት።»

ሸዋዬ እጆቿን አየች።

«አራት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ስለ ፍቅሬ የምነግረው ለዚያኛው ቂርቆስ ነበር። የኛው ሰው በዝቶበታል፣ ሁሉም ይጮህበታል። ያኛው ከኛ ወገን ማንም የለውም፤ ጊዜ አለው፣ ይሰማኛል እል ነበር። ልጄም ሰው አገር ነውና ለሱ ይቀርበዋል እል ነበር።» ቀና አለች። «ደግ። ሂጂ በቃ።»

«እትዬ...»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ሰኞ ጠዋት አራቱ ሴቶች ጣቢያው ገቡ። ተናኘወርቅ የሰው ልብስ ጥቅል ተሸክማ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረቻት ገበያነሽ ናት፤ እየሳቀች።

«እማማ ጦቢያ ገና መስቀሉን ከመያዛቸው፣ 'ውሸታም ናት! ቂርቆስን ፈረንጅ አገር የወሰደች ውሸታም!' ብለው ሲጮሁ፣ አጽብሃ ሲያስተረጉም ጣልያኑ እስኪያስለው ሳቀ። ፀሐይ አትጠልቅም ያልሽውን እኔ ነገርኩት። ወለተማርያም ሳቅ ስለያዛት መማል አቃታት፤ ሁለት ጊዜ አስማሏት። አይ አንቺ፣ እንደዛሬም ስምሽ ተነስቶ አያውቅ።»

«እትዬ ሸዋዬስ?»

ገበያነሽ ሳቋን ተወች። «እሷማ አለቀሰች። መስቀሉን ያዘችና 'እኔ አምኛት ነበር። ሁሉም ሲስቁባት እኔ አምኛት ነበር። ቅዳሜ በገዛ አፏ ሁሉም ውሸት ነው አለችኝ' አለች። ከዚያ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። ጣልያኑ ያን ጊዜ ነው እርሳሱን ያስቀመጠው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።»

ያደታ ረቡዕ ተፈታ። ከስቷል፤ የቀኝ ጆሮው አይሰማም። ቀስ ብለው ቁልቁል ሲሄዱ እሷ በግራው ሆነች።

«ምን ብለው ለቀቁኝ?»

«ውሸታም ናት ብለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

ጥቂት ሄዱ። «ሸዋዬም?» አለ።

ቤት ሲደርሱ እግሩን አጠበችለት፤ ሳይበላ ተኛ።

ለንስሐ አባቷ «ቂርቆስን ካድኩ» ብላ ተናገረች። ቄሱ ለምን እንደሆነ ሰምተው አርባ ስግደት አዘዙላት። ሰገደች። ስግደቱ አለቀ፤ ሌላው አላለቀም። በየወሩ በአሥራ አምስት ሸዋዬ ጽዋውን ተቀብላ ታሳልፍላታለች፣ ዓይኗን ግን አታነሳም። ስለዚያ መስኮት ዳግመኛ አልጠየቀቻትም።

በመጋቢት መጨረሻ 1933 ጣልያን ከተማውን ለቆ እንግሊዞች ገቡ። ያደታ በሦስተኛው ቀን ሞተር ብስክሌቶቻቸውን ወደሚጠግኑበት ሄደ፤ አንዱን ሰምቶ ጉድለቱን በቋንቋቸው ሲነግራቸው አፋቸውን ከፍተው አዩት ይባላል። ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ የማኅበሩ ሴቶች አንድ በአንድ መጡ።

«እኔ እንኳ ከመጀመሪያው አምኜሽ ነበር» አሉ እማማ ጦቢያ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። «እነዚህ ናቸው የሚስቁት።»

«እማማ፣ በመስቀል ምለው አልነበር?»

«ለባልሽ ስል ነዋ! ለማን ብዬ ነው ነፍሴን አደጋ ላይ የጣልኩት?»

ገበያነሽ የወንድሟን ልጅ ሥራ እንድታስገባላት ልትለምን መጣች። ወለተማርያም ስለ መንገዱ እንደ አዲስ ጠየቀቻት፤ ድንጋዩን የት እንዳደረሱት። ተናኘወርቅ ሁሉንም መለሰች፤ የሚገርመው ግን መናገሩ ምንም አልጣማትም። እነዚህ ሁሉ ቢያምኑ የምታገኘው ነገር አልነበረም። በሚያዝያ አሥራ አምስት ሸዋዬ ማኅበር አልመጣችም፤ ተናኘወርቅ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤቷ ሄደች።

ሸዋዬ ግቢው ውስጥ ጋቢ አጥባ ውሃውን ስታንጠፍጥፍ ነበር። ክብደቱ እጇን አሸንፏታል።

ተናኘወርቅ ሁሉንም ነገረቻት። አጽብሃ ያላትን፣ ሴት ልጇ የሞተችበትን መሐላ ፈርታ እንደነበር፣ ለመለመን አንድ ትንፋሽ ብቻ እንደቀራት። ቂርቆስ እዚያ እንዳለ። ልጁ የእናቱን ቀሚስ በቀኙ እንደያዘ።

«ያደታን ልጥራው፤ ይማልልሽ» አለች። «እኔም እምላለሁ።»

«አትማይ» አለች ሸዋዬ። ቁጣ አልነበረባትም። «እኔ ደክሞኛል፣ ተናኜ። አለ አልሽኝ፣ ጸለይኩ። የለም አልሽኝ፣ ጸሎቴን ከዚያ አንስቼ ወደዚህ መለስኩት። ያን ያህል መንገድ መመለስ ቀላል መሰለሽ? አሁን ደግሞ አለ ትዪኛለሽ። የቱን ተናኘወርቅ ነው የማምነው?»

«የመጀመሪያዋን።»

«እሷን እወዳት ነበር።» ሸዋዬ እርጥቡን ጋቢ ከጉልበቷ ላይ ከፍ አደረገች። «ስደተኞቹ በኬንያ በኩል እየተመለሱ ነው ይላሉ። ፍቅሬ ከመጣ ብዙ አገር አይቷልና እሱን እጠይቀዋለሁ። ካልመጣ ደግሞ፣ ቢኖርስ ባይኖርስ ምን ይጠቅመኛል።»

ሸዋዬ ግን ሂጂ አላለቻትም። ጋቢው በመሬቱ ላይ ተጎተተ፤ ጭቃ ሊነካው ሲል ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ አንዱን ጫፍ አነሳች። ሸዋዬ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ መጠምዘዝ ጀመሩ። ውሃው በመካከላቸው ፈሰሰ። የሁለቱም ክንድ እስኪዝል ጠመዘዙት፤ ከዚያ ሸዋዬ ሌላኛውን ጋቢ ከመዘፍዘፊያው አወጣችና ጫፉን ዘረጋችላት።